ስልኩ ዝም ያለ ሰሞን

ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። የሰው ትኩረት እንዴት እንደሚያዝና እንደሚበተን ስለፈልፍ፣ ተማሪዎቼ ከጠረጴዛ ሥር ስልካቸውን ይነካካሉ፤ እኔም እንዳላየ ሰው አልፋቸዋለሁ። ቤት ስገባ ግን ዝም አልልም ነበር፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ የባሱት አማቴ ነበሩና።

እኔ ከመሀል አገር የመጣሁ ብሆንም እንደ ልጆቻቸው «አደይ»፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ከጦርነቱ በኋላ ኔትወርክ ተመልሶ ከተማው ሁሉ ሲደዋወል ባለቤቴ ስልክ ገዛላቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ከጉያቸው ወጥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም፣ ሽንኩርት ሲከትፉም አንድ እጃቸው እዚያው ነው። ከጦርነቱ ያልተመለሰ የመጨረሻ ልጅ አላቸው። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም።

«ነዘረኝ» ይላሉ። ያወጡታል። ማንም አልደወለም።

«አደይ፣ አእምሮዎ ስለሚጠብቅ እኮ ነው» እላቸዋለሁ። «የሚጠብቅ ሰው ያልጮኸ ስልክ ይሰማል።»

«ሕራይ ጓለይ» ይሉኛል፣ እሺ ልጄ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉኝ። ከዚያ መልሰው ወደ ጉያቸው።

ምን እንዳሰራቸው ይገባኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚጮኽ ስልክ ማንንም አያስርም፤ ፈጽሞ የማይጮኽም ይረሳል። ሰውን የሚይዘው ያ «አንዳንዴ» የሚሉት ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ቤተሰቡ ለቅሶ ከተቀመጠለት በኋላ፣ አንድ ቀን ደውሎ «አለሁ» ብሏል። ያንን ለሰሙ እናት ስልኩን ለአንድ ሰዓት ያስቀምጡ ማለት መተንፈስ ይተው ማለት ነው።

ማታ ማታ ዘመድ ይደውላል፤ ከቁሓ እኅታቸው፣ ከገጠር ያጎቶቻቸው ልጆች። «ምን ሰማሽ?» «ምንም። አንቺስ?» ተባብለው ይዘጋሉ። ወሬያቸው ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ሰሞን ግን ስልኩ መጮኹን ተወ። መጀመሪያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ አረፈ ብዬ ደስ አለኝ። አደይ ግን ከወትሮው ይበልጥ ማዳመጥ ጀመሩ። ቁሓ ደወሉ፤ እኅታቸው አላነሱም። በማግስቱም አላነሱም።

«ጓለይ፣ እስቲ በአንቺ ስልክ ደውይልኝ» አሉኝ።

ደወልኩ። እጃቸው ላይ ጮኸ። ሁለታችንም እስኪዘጋ አየነው።

«ይሠራል» አልኳቸው።

«ይሠራል» አሉ። አባባላቸውን አልወደድኩትም።

በማግስቱ ባለቤቴ ሓወልቲ ካለው ቢሮው ያለወትሮው በጊዜ መጣ። «አደይ፣ የስልክሽ ባትሪ ደክሟል መሰለኝ፤ ላሠራልሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ወደ እኔ አላየም።

በዚህ ከተማ ያልተበላሸ ስልክ ለጥገና ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ወዳጅ ዘመድ ዙሪያውን ከቦት ነው የሚነገረው፤ ማንም ብቻውን እንዳይሰማው። እስከዚያ የሟቹ ፎቶ ከሻማ ጋር በፌስቡክ እንዳይደርሰው ስልኩን ከእጁ ያወጡታል። ዘመድም አይደውልም፤ በድምፅ መዋሸት ከባድ ነው። አደይ ራሳቸው ለስንት ጎረቤት ይህንኑ አድርገዋል። ያም ሆኖ ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው፣ በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ሰጡት።

ማድ ቤት ተከትዬው ገባሁ። «ከወንድሜ ጋር የነበረ ጓደኛው ተመልሶ ለአጎቴ ነግሮታል» አለኝ። «ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ነገ ማለዳ ይመጣሉ።»

«እናትህ ጠርጥረዋል።»

«ኣይፋል፣ በጭራሽ! አልጠረጠረችም። ዝም አይነቅዝም፤ ዛሬን ብቻ» አለ። ዐይኑ ደም መስሏል።

እራት ቀረበ። አደይ በሉ፤ ጭራሽ ልጃቸውን «ብላ እንጂ» እያሉ አጎረሱት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የማን ሆድ እያወቀ እንደነበር ግን አልለየሁም። እኔ ስልኬን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጣለሁ፤ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ያነሣዋል። ፎቶውን እፈራለሁ፤ ደግሞ ፎቶውን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ነገር ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ያን ማታ አንዱም አልጠቀመኝም። የአደይ እጅ ግን አንዴም ወደ ጉያቸው አልሄደም። አየሁት፤ ፈራሁት፤ እንዳላየ ሰው አለፍኩት።

ሊነጋጋ ሲል በመጥረጊያ ድምፅ ነቃሁ። ወጥቼ ሳይ ግቢው ተጠርጓል። ያሉን ወንበሮች ሁሉ ወጥተው ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አደይ የነጠላቸውን ጥለት ለለቅሶ እንደሚደረገው ወደ አንገታቸው መልሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ከፊት የነበሩት አዛውንት ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እተዉ፣ ግቡ» አሏቸው አደይ። «ዘመድ መደወል ካቆመ ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነበር።»

ይህ ሁሉ ወግ የተበጀው ማንም ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ነው። እሳቸው ግን ያን ሰሞን ሁሉ ልጃቸውን ብቻቸውን አለቀሱት፤ እኛ አጠገባቸው ቁጭ ብለን እራት እየበላን።