በአውራ ጣት ልክ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ካፒቴን» እያለ ነበር የሚጠራው። ሰውዬው ግን እንኳን መርከብ ሊነዳ፣ አውቶቡስ ሲሳፈር ሆዱ የሚገለባበጥ፣ ባሕርን ከዳር ቆሞ ካልሆነ በቀር ቀርቦ አይቶ የማያውቅ ነበር። የሱ መርከቦች ክንድ የማያህሉ፣ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ለጌጥ የሚያስቀምጧቸው ባለ ሸራ የእንጨት መርከቦች ናቸው። ቀለማቸው ሲላላጥ፣ ገመዳቸው ሲበጣጠስ፣ ከመስታወት ቆራጩ ጎን ወዳለችው ጠባብ ሱቁ ይመጡለታል።

«ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?» ይለዋል መስታወት ቆራጩ ጠዋት ጠዋት።

«ኮላው ከደረቀልኝ ሰላም ነው!»

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አናጺ አንዲት ቃል ነበረቻቸው፤ «ልጄ፣ ያደስካት መርከብ ላይ የሰው እጅ ከታየ አላደስካትም» ይሉት ነበር። ካፒቴን ይህችን ቃል እንደ ኑዛዜ ያዛት። ክሩን በሰም ስቦ ያለሰልሰዋል፤ ከውስጠኛው ገመድ ጀምሮ ወደ ውጭ እየወጣ በወረንጦ ያስራል፤ ከውስጥ አንዱን ከረሳ የውጭውን ሁሉ በጥሶ እንደገና መጀመር ነውና። የተቦደሰውን በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ቀለሙን ስስ እያደረገ ይደራርባል። ሥራው ሲያልቅ መርከቧ ማንም ያልነካት፣ ከሰማይ የወረደች ትመስላለች።

ቤቱ ውስጥ ግን እጁን ያላሳረፈባት አንዲት መርከብ ነበረች። የሠራት ታላቅ ወንድሙ ነው። ግራኙ ታላቅ ወንድም በጎረምሳነቱ በወጥ ቤት ቢላዋ ጠርቦ ሠራት፤ ከዚያም በጭነት መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። መርከቡ ሰጠመ ያሉ ነበሩ፤ የለም፣ ሌላ አገር ወርዶ ትዳር ይዟል ያሉም ነበሩ። እናቲቱ ሁለቱንም አልሰሙም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የበራቸው መቀርቀሪያ ተዘግቶ አያውቅም።

«የበኩር ልጄ ቁልፍ አልያዘም» ይላሉ። «መጥቶ በር ዘግተው ጠበቁኝ ይበል?»

«ሌባ ቢገባስ እማዬ?»

«ምን አግኝቶ? አንተን ይዞህ ይሂድ?»

ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ደግሞ መርከቧ የቀን ጓደኛቸው ሆነች። ካፒቴን ወደ ሥራው ሲወጣ ጭናቸው ላይ አድርገዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ ማታ ሲመለስ መደርደሪያው ላይ ያገኛታል። ቀኑን ምን ሲያደርጓት እንደሚውሉ ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ቀን፣ እናቲቱን ቀን ቀን የምትጠብቃቸው እህቱ ወገቧን ይዛ ቆመችበት።

«አንተ ሰው፣ የባዕድ መርከብ እንደ ሙሽራ ስትኳኩል ትውላለህ፤ የገዛ ቤትህ መርከብ ግን ሸረሪት ተሳፍሮባታል!»

ነገሩ ከነከነው። እውነትም ምሰሶዋ ተጋድሟል፤ ሸራዋን ብል በልቶታል። ደግሞም፣ ይህን ለማንም አልተነፈሰም እንጂ፣ እናቱ አንድ ቀን እንኳ የሱን የእጅ ሥራ ዳብሰው «ጎሽ» ቢሉት ደስታውን አይችለውም ነበር።

«እማዬ፣ ላድስልሽ።»

«ምኗ አርጅቶ?»

«ሸራዋ እኮ አልቋል።»

«በል እንግዲህ። ብቻ የሱን እጅ እንዳትነካብኝ።»

«ምን በወጣኝ!» አለ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም። ወንድምህን አክብርልኝ ያሉት መሰለው።

ሱቁ ወስዶ አሮጌውን ገመድ ቆርጦ ጣለ። ቋጠሮዎቹ እንደ ምስር ፍሬ ያበጡ፣ በግራ እጅ ወደ ኋላ የተጠመጠሙ፣ የጀማሪ ቋጠሮዎች ነበሩ። ጎኗ ላይ ደግሞ ቢላዋው ያዳለጠበት በአውራ ጣት ልክ የሆነ ጎድጓዳ አገኘ። «አይ ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ላይ እጅህ ከድቶህ ነበር» ብሎ ፈገግ አለና አፋፉን ፈግፍጎ በስቱኮ ደፈነው። እንደ እንቁላል እስኪሆን አለሰለሰው። በዕድሜው እንዲያ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም።

«ይቺማ ነፍስ ዘርታለች!» አለ መስታወት ቆራጩ።

እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟት ገባና እናቱ ጭን ላይ አኖራት። እናቲቱ ከምሰሶው ጫፍ ጀመሩ። ክሩን ተከትለው ወረዱ፤ ቋጠሮ ፈለጉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ጎኗ ላይ ወዲህና ወዲያ ተንሸራተተ፤ መርፌ ወድቆበት ወለል እንደሚዳብስ ሰው። አዙረው ሌላውን ጎን ዳበሱ። ተመልሰው የመጀመሪያውን።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኛው ናት እማዬ።»

«የሱቁን ነው ያመጣህልኝ። የኔን ምን አደረግሃት?»

እህቱ አፏን ያዘች። «ጎድጓዳውን ደፈንከው እንዴ?»

«ጉድለት መስሎኝ...»

«እማዬ አውራ ጣቷን እዚያ ከትታ እኮ ነው የምትውለው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሸረሪቱን አራግፍላት አልኩህ እንጂ ቆዳዋን ግፈፍ መቼ አልኩህ!»

ካፒቴን ወደ ሱቁ ሮጠ። አሮጌው ክር ከቆሻሻው ጋር ተወስዷል። በማግስቱ ስቱኮውን ሊያወጣ ሞከረ፤ ከእንጨቱ ጋር ተጋብቶ ኖሮ እንጨቱንም ይዞ ተፈረከሰ። ቢጨንቀው የራሱን አውራ ጣት እየለካ በቢላዋ ሌላ ጎድጓዳ ቆፈረ። ሆን ብሎ እጁን ሊያስት ሞከረ፤ የለመደ እጅ ግን በልመና አይስትም።

ቤት ወስዶ ሲሰጣቸው እናቲቱ አውራ ጣታቸውን ከተቱበት። ጥቂት አቆይተው አወጡት።

«ይሄ ያንተ ነው» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ጎሽ። ደኅና አድርገህ ሠርተሃታል።»

ያን ያህል ዘመን የተመኛት ቃል፣ ውሃ ላቀበለ ባዕድ ሰው እንደሚባል ምስጋና ሆና ወጣች። መርከቧንም አንስተው መለሱለት።

«ልጄ።»

«አቤት እማዬ።»

«በሩን ቀርቅረው።»

«ገና ፀሐይ አልጠለቀችም እኮ።»

«ቀርቅረው። የሚመጣ የለም።»

መቀርቀሪያው ዝጎ ኖሮ ቢገፋው፣ ቢስበው ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ። ካፒቴን ከኪሱ የክር ሰሙን አውጥቶ ቀባው። በጫማው ተረከዝ ቀስ እያደረገ መታው። እናቲቱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይሰሙት ነበር። ቀጭ ሲል፣ ሁለት እጃቸውን ባዶ ጭናቸው ላይ አኖሩ።