አባቴ የቀመሰው ውሃ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ዳገት ላይ የሚሮጡ ሁለት ልጃገረዶችን አለፈ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። «ምነው ውሃ እንኳ ቢይዙ» ስል አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ገላመጡኝ። «በጾም?»

እኔም በዚያ ዕድሜዬ እሮጥ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ለባሕር ዳሩ ውድድር ሊመርጡን ነው ተብሎ፣ ጠዋት ጠዋት በጋፋት መንገድ አቧራ እያቦነንን እንወጣለን። አሰልጣኛችን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት መምህር ነው። ሃይማኖቱን ማንም አያውቅም። በጾሙ መሐል ጀሪካን ተሸክሞ መጣና «ሳትጠጡ አትሮጡም» አለን። ውሃው ደፍረስ ይላል። ተያየን፤ አንዳችንም አልጠጣንም።

በዚያው ሳምንት ዳገቱ ላይ እግሬ ከዳኝና ተዘረርሁ። አባቴ ነገሩን ሲሰማ፣ በማግስቱ ዱላውን ይዞ አብሮኝ ወጣ።

«ልጆቻችንን ጾም ልታስፈታ ነው የመጣኸው?» አለው መምህሩን። «ምንድን ነው የበጠበጥህበት?»

«ጨውና ስኳር ነው አባባ። የሰውነት ስንቁ ስኳርና ስብ ነው። ቁጭ ሲሉ ቀስ እያለ ነው የሚያነደው። ሲሮጡ ግን፣ ውሃ ያጠረው ሰውነት ስኳሩን አጣድፎ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ስቡ እያለ እግር ይከዳል።»

አባቴ አላመነውም። «እንግዲያው ጾሙን የማይነካ ሰዓት ፈልግ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናድርገው።»

ቶሎ መስማማቱ ራሱ አባቴን ይባስ አጠራጠረው። ከዚያ ወዲያ ጾማችንን በሽሮ ፈትተን ስንወጣ ቀድሞን ይገኛል። የመጀመሪያዋን ጣሳ ራሱ ይጨልጣል፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዳምጣል። እኔም በጎን እያየሁት ነው የምሮጠው፤ ቢያመው ላቆም።

አላመመውም። እኔንም ዳገቱ ዳግመኛ አልጣለኝም። ፋሲካ አልፎ ተመረጥሁ።

የምንሄድ ዕለት አባቴ ለመምህሩ ድፎ ዳቦ አመጣለት። መምህሩ ፊቱን ሳይፈታ ቆረሰና ቁራሹን ወደ አባቴ ዘረጋ። «መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ።»

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ባሕር ዳር አልቀናኝም፤ ሩጫውንም ብዙ አልገፋሁበትም። ዛሬ አባቴ የለም፤ መምህሩም ወዴት እንደተዛወረ አላውቅም። በየሰፈሩ እንግዳ ሰው በሹክሹክታ ሲታማ ስሰማ ግን አባቴ ይናፍቀኛል። እሱም ይጠረጥር ነበር፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ሄዶ ይጠይቃል።