በመስኮቱ በኩል የምትታየው ዋኖስ

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነው። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካሜራዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። አበባ፣ ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ ያገኘሁትን አነሣለሁ። “ማን ሊገዛሽ ነው?” ይሉኛል ሰዎች። “ማንም” እላለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት አባቴ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ከቡሬ ገጠር ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። መስከረም ሲገባ ሐኪሙም ወጌሻውም “አጥንቱ ገጥሟል፣ ይነሡ” አሉ። አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው መሬት መርገጥ ፈሩ። ፈራሁ ግን አላሉም፤ “ጊዜዬ ደርሷል” ነው ያሉት።

ፊልሜን ባሕር ዳር ልኬ አሳጠብሁና ፎቶዎቹን አልጋቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ያደጉበትን ተረተር አደይ አበባ ሸፍኖታል። ትንሽ አይተው መለሱልኝ።

“መልካም ነው፤ ግን ነፋስ የለውም።”

ፎቶዎቹን ሰብስቤ አስቀመጥኋቸው።

አንድ ጠዋት ከመስኮታቸው ውጭ ያለው የኮክ ዛፍ ላይ ርግብ መሳይ ዋኖስ ጎጆ ሠርታ አየሁ። በውጭ ብጠጋ ስለምትሸሽ ካሜራዬን ይዤ ክፍላቸው ውስጥ መጋረጃው ጥግ ተቀመጥሁ።

“ምን ታያለሽ?”

“ዋኖስ ናት፣ አባባ። እንቁላል ታቅፋለች።”

“እስቲ ፈቀቅ በይ፤ ልያት።”

ትራሳቸውን ከፍ አደረግሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ከግድግዳው ተመለሰ። ከሥራ ስገባ ወሬያቸው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ፤ ባሏ መጥቶ እንደተካት፣ ዝናቡ ሲወርድባት ንቅንቅ እንዳላለች።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጓዳ ሳለሁ የአባቴን ጩኸት ሰማሁ።

“ሂጅ! ሂጅ፣ አንች ሌባ!”

ሮጬ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። አባቴ ዱላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ የጎረቤት ድመት አጥሩን ዘልላ ስትጠፋ ጭራዋን ብቻ አየሁ።

“አባባ! ቆመዋል እኮ!”

ወደ እግራቸው ተመለከቱ። “ታዲያ ተኝቼ ላባርራት ኖሯል?”

ደግፌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸው እንጂ ወደ አልጋው አልመለስኋቸውም፤ እምቢ አሉ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ የዛፉ ዘብ ሆኑ፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ተራመዱ።

ጥቅምት ሲጋመስ “እሑድ ወዴት ነሽ?” አሉኝ።

“ጉሬዛ ፍለጋ፤ ቡሬ መንገድ ዳር ካለው ደብር ጫካ።”

“እኔስ ብመጣ?”

በሚኒባስ ሄድን። ባገራችን ጉሬዛ መነኩሴ ነው ይባላል፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ ካባ ደርቦ ከደብር አይርቅም። አንዱን ከዝግባው ጫፍ ላይ አገኘነው። ካሜራዬን አነጣጥሬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልንቀሳቀስ አለ።

“ይኸ መነኩሴ መነሣት ፈርቷል፤ እንደ እኔ” አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ፈገግ ብለዋል። ወዲያው ጉሬዛው ካባውን አርገብግቦ ወደ ሌላው ዛፍ ዘለለ። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ፣ እኔም የካሜራዬን ቁልፍ ተጫንሁ።

ስንመለስ ከበቆሎ ማሳ ዳር ዐረፍን። የማሳው ባለቤት ሴትዮ አባቴን ደክመው ስላየቻቸው ትኩስ የበቆሎ እሸት ጠብሳ ሰጠችን። አባቴ በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ካሜራውን ጠየቁኝ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ።

“ምነው ዓለም ጠበበች?”

“የሚወዷትን ይምረጡላት፣ አባባ።”

ወደ ማሳው አዞሩት፤ ወደ ተራራው፤ ኋላም ወደ ሴትዮዋ። እሷ ሻሿን አስተካከለች።

“ልጫነው?” አሉ።

“ይጫኑት።”