ተራ የማይጠብቅ እንስራ

በሐረር ፈረስ መጋላ ባለው የሕዝብ ውሃ ማደያ፣ በቦኖው፣ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የውሃ ክፍሉ ሹም አቶ ታደሰ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ በቀለ፣ እንስራ ይዘው የተሰለፉ የሰፈር ሴቶች፣ ከከተማው ውጭ ካለችው ከሶፊ ጫት ሊሸጡ የመጡ ገበያተኞች፣ በጀርባዬ ያዘልኳት ልጄና እኔ።

አቶ ታደሰ የቧንቧውን መክፈቻ ሰጡኝ። «ለአንድ ሰው አንድ እንስራ፤ በመጣበት ተራ። ይህን ካፈረስሽ ከሥራ ትወጫለሽ» አሉኝ። ባሌ ሞቷል፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ደንቡን እንደ ጸሎት ሸመደድኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከቦኖው በላይ ባለው ቤት ሰው ሞተ። የአፎቻው ሴቶች፣ ማለት ለሐዘንና ለሰርግ የሚረዳዱት ማኅበርተኞች፣ እንስራቸውን ይዘው ተያይዘው መጡ። መሪያቸው አዴ ሞሚና ሰልፉን አልፈው ከፊቴ ቆሙ።

«እናቴ፣ ተራ አለ» አልኳቸው።

«ሬሳውም ተራ ይጠብቅ? ገላው ሳይታጠብ አይቀበርም! ወላሂ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

አንዷ የሶፊ ገበያተኛ ከኋላ ጮኸች፦ «እኛስ? መሽቶብን ጅብ ይብላን?»

«አንቺን የበላ ጅብ ጥርሱ ይረግፋል!» አለቻት የሰፈር ሴት። ሳቁም ግፊያውም ተደባለቀ።

ባስቀድማቸው እንጀራዬን አጣለሁ። ባላስቀድማቸው ሬሳው ሳይታጠብ ሊመሽ ነው። ጋሽ በቀለ ጭንቀቴን አይተው «ቆይ፣ ሹሙን ልጥራልሽ» ብለው ሮጡ። እስኪመለሱ በተራው ቀዳሁ፤ የአዴ ሞሚናን ዓይን ግን ማየት አልቻልኩም።

አቶ ታደሰ ጎጃም ተወልደው ያደጉ፣ ለሐረር አዲስ ነበሩ። መጥተው የሁሉንም ሰሙ። «ደንቡን ስጽፍ አፎቻ የሚባል መኖሩን አላውቅም ነበር» አሉና ወደ አዴ ሞሚና ጎንበስ ብለው «እናቴ፣ አሁን ስንት እንስራ ይበቃል?» ብለው ጠየቁ።

«ለገላው ሦስት። ለለቀስተኛው የሚሆነውን በተራችን እንጠብቃለን።»

ሦስቱ ቀደሙ፤ ቀጥሎ የሶፊዎቹ፣ ከዚያ የሰፈሩ። ሟቹ ሳይመሽ ተቀበረ።

በማግስቱ ቢሮ አስጠሩኝ። ተባረርኩ ብዬ ልጄን አዝዬ ሄድኩ። «ተቀመጪ» አሉኝ። «ደንቡ ያላሰበው ሌላስ ምን አለ?» አራስ ያለበት ቤት አለ፣ አቅመ ደካማ አለ አልኳቸው። እሳቸውም እነዚህና የለቅሶ ቤት እንዲቀድሙ ደንቡ ላይ ጻፉ።

አዲሱም ደንብ ወዲያው ጉድ ገጠመው። አንድ ሰው ፍየሉ ሞታበት «የለቅሶ ቤት ነን» ብሎ መጣ። አቶ ታደሰ ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያ የእስላሙን ሐዘን አዴ ሞሚና፣ የክርስቲያኑን የእድሩ ዳኛ እንዲያሳውቁ አደረጉ።

ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ትእዛዝ በውሃ ክፍሉ አዲስ የሚቀጠር ጸሐፊ ሁሉ ወንበር ከማግኘቱ በፊት ከእኔ ጋር ቦኖው ላይ ይውል ነበር። ከረባቱ ረጥቦ «ስንት ዓይነት ሰው ነው ውሃ የሚጠጣው!» ያለኝ አንዱ ኋላ ሹም ሆነ።

በዚያ ደመወዝ ልጆቼን አስተማርኩ። ከሥራው የተማርኩት፣ ደንብ ሰልፉ አጠገብ ቆሞ እንደሚጻፍ፣ ያላሰበው ሲመጣም እንደሚታረም ነው።

አቶ ታደሰ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሲዛወሩ ሊሰናበቱኝ መጡ። እንደማንም ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ ከእጄ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ያሉበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።