ቀንበሩን ብቻ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሰላም ከንፋስ መውጫ ስትመጣ አዲስ ጫማ ይዛ መጣች። ጫማ ልበለው እንጂ ሶሉ ከቂጣ የሳሳ፣ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ነገር ነው።

«እምዬ፣ ይዩልኝ! በስልክ አይቼ ነው ያዘዝኩት። ሲሮጡበት ልክ እንደ ባዶ እግር ነው አሉ።»

የሩጫ ውድድሯ አንድ ወር ቀርቶታል። «ዛሬውኑ እስከ አስፋልቱ ደርሼ ልመለስ» ስትል የግራ ባቴን ሸምቀቅ አደረገኝ። ሥጋ አይረሳም መሰለኝ።

እኔም እንደሷ ሯጭ ነበርኩ። እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ጫማ አላውቅም። ለትምህርት ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ ስገባ ግን ሶሉ እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ የስፖርት ጫማ ገዛችልኝና አራት ዓመት ሙሉ ከሱ ላይ አልወረድኩም። (ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም፤ የቀረውን መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው የለቃቀምኩት።) ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለወረዳው ውድድር ተመረጥኩ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ ደብረ ታቦር ይሄዳል ተባለ። ደብረ ታቦርን በስሙ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም፤ እንቅልፍ አጣሁ።

የስፖርት አስተማሪያችን ጋሽ ታደለ ከሳጥናቸው አንድ ጥንድ ስስ ጫማ አወጡ፤ የድሮ ተማሪያቸው ትታው የሄደችው ነው። «በዚህ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ቀን እየዘለልሽ። የቀረውን በወፍራሙ ሩጪ። ባትሽ ይልመድ» አሉኝ።

በሆዴ ሳቅሁ። የገጠር ልጅ እግር ደግሞ ምን ይማራል? ድንጋይ ላይ ያደግኩ ነኝ!

አርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ስሱን ጫማ አድርጌ ወደ መንደራችን በረርኩ። በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የካቲት ነበር፤ አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። ጠጠሩን፣ የደረቀውን እበት፣ የገብሱን ቃርሚያ በውስጥ እግሬ አንድ በአንድ አወቅሁት፤ ተጠፋፍተን የተገናኘን ወዳጆች መሰልን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አህዮቻቸውን አቁመው «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። መርዶ የያዘች መስያቸው ነው። «ኧረ ማንም አልሞተም!» ብያቸው አለፍኩ።

በማግስቱ ተረከዜ መሬት አልነካ አለ። ባቴ እንደ ገመድ ተቋጥሯል። እናቴ የተቀቀለ ድንች በተልባ አቀረበችልኝ፤ ሁዳዴ ነበርና። እኔ ግን አልበላ ብሎኝ ዱላ ተደግፌ አባቴ ወዳሉበት ማሳ አነከስኩ።

አባቴ አንድ ወይፈን ከሽማግሌው በሬያችን ጋር ጠምደው ወዲያ ወዲህ ይነዳሉ። ሞፈር የለ፣ ማረሻ የለ።

«አባዬ፣ ምንም አያርሱም እኮ!»

«ዛሬ ቀንበሩን ብቻ ነው። በሳምንቱ እንጨት ይጎትታል። ማረሻው ሲለምድ ይመጣል።»

«ጉልበት እያለው?»

«ጉልበትማ ሞልቶታል። ያልለመደው ጫንቃው ነው። ዛሬ ካቆሰልኩት ለግንቦት በሬ የለኝም።» ከዚያ ዱላዬን አዩ። «አንቺንስ ማን ጠመደሽ?»

ነገርኳቸው። ይሄኔ ወይፈኑ ዘፍ ብሎ ተኛ። አባቴ ሳቃቸው መጣ። «አየሽ፣ ይኼ እንኳ ካንቺ ይሻላል። ሲደክመው ይተኛል።»

ሁለት ሳምንት አልሮጥኩም። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ባሕር ዛፎቹ በስሱ፣ የቀረውን በወፍራሙ። ባቴ ከከበደኝ አቆማለሁ። የውድድሩ ዕለት ስሱን ጫማ ከቦርሳዬ አውጥቼ ብዙ አየሁት። ወይፈኑ ገና እንጨት ይጎትት ነበር። መልሼ ከተትኩትና ወፍራሙን አሰርኩ። አራተኛ ወጣሁ። ሦስቱ ደብረ ታቦር ሄዱ፤ እኔ አክስቴ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በግንቦት ያ ወይፈን ከሽማግሌው በሬ እኩል አረሰ። እኔም ያን ዓመት ሙሉ ጥቂት በጥቂት ጨመርኩ። በዓመቱ በዚያው ስስ ጫማ ሮጬ ሁለተኛ ወጣሁ፤ ደብረ ታቦርንም በመኪና መስኮት አፍንጫዬን አስደግፌ እየተቃረበ ሲመጣ አየሁት።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። ደስ አላላትም። «እምዬ፣ እኔን ከወይፈን ጋር!» ብላ አኮረፈች። በማግስቱ ግን ወፍራም ጫማዋን አድርጋ፣ ስሱን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች። ስሱን ለአሥር ደቂቃ ብቻ አደረገች፤ ደቂቃ የሞላችበት ስልኳ ሲጮህ አወለቀችው።

ባቷ ለውድድሩ ይድረስላት አይድረስላት እንጃ። ዛሬ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ስልኩ ገና ሳይጮህ ባቷን እያሸች ተመለሰች። እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችና ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች።

«እምዬ፣ ተኛሁ!»

ተነሺ አላልኳትም።