ከጀብራ እስከ ሳጃና የልጄን ድምፅ ይዤ

ካርቱም ውስጥ ካለው ሰፈሬ ከጀብራ የወጣሁት አንድ የድምፅ መልእክት የሚያጣራልኝ ሰው ፍለጋ ነው። ልጄ ራህማ ፖርት ሱዳን «መደሜ» ከምትላት አሠሪዋ ቤት ትሠራለች። ትናንት በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። ስከፍተው እሪታ ብቻ ነው፤ ከእሪታው ኋላ የሚሰነጠቅ፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ መሃል ላይ «እማ» የሚል። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት። በሰማሁት ቁጥር ሌላ ክፉ ነገር ይጨመርበታል።

ጎረቤቴ ከድጃ፣ «ሳጃና ሰፈር ሂጂ፣ የሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚጠግነው ሰኢድ ዘንድ» አለችኝ።

ረክሻ የሚሏትን ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ «ያላ ያ ኻልቲ!»፣ እንሂድ አክስቴ፣ እያለ አንድም ጉድጓድ ሳያልፈው አል-ሳሃፋ ሰፈር አደረሰኝ። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አቧራው በመስኮት ይገባል፤ እኔ ስልኩን በሻርፔ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። አጠገቤ ያለችው ሱዳናዊት ፊቴን አይታ ተምር ሰጠችኝ። ባልራብም እንዳይከፋት ብዬ አላመጥኩት።

ሳጃና

ሰኢድ ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ሆዳቸው የተቀደደ ስፒከሮች መሃል ተቀምጦ መልእክቱን አንዴ ሰማና ሳቀ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«ምን ያስቅሃል? ልጄን እየገደሏት!»

«ላ ላ፣ ኻልቲ! ማንም አልገደላት። ይሄ እልልታ ነው፣ ወላሂ! ሠርግ ላይ ሴቶች ማይኩን ነጥቀው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ስፒከሩ ይቀደዳል፤ እንጀራዬ ከዚያ ነው።»

«እልልታ እንዲህ ያቃስታል?»

«ድምፁ ከስልኩ አቅም ሲበልጥ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠውን መመለስ አልችልም። ሻካራውን ግን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ነካካና ማዳመጫውን ራሱ ጆሮዬ ላይ ደፋልኝ። መጀመሪያ ከበሮ መጣ። ቀጥሎ የልጄ ሳቅ። «እማ ስሚ! የመደሜ ልጅ ተዳረች! ሂናውን እኔ ነኝ የቀባኋት! መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው...»

«ድገምልኝ፣ ልጄ።»

ደገመልኝ። ማዳመጫውን ስመልስለት እንባዬ አርሶት ነበር፤ በሸሚዙ ጠረገው።

ጀብራ

ከድጃ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ምን ሆነች?»

«ሙሽራ ስታስጌጥ ነበር» አልኳት፤ ሁለታችንም እዚያው ደረጃው ላይ ዘጭ አልን።

መንገዱ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ከእንግዲህ ክፉ የመሰለኝን ድምፅ ብቻዬን ደጋግሜ አልሰማም፤ ለሰው አሰማለሁ።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጠራ።

«እማ፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁሽ» አልኳት።