ዕቃ ቤት ደብቃችኋል የተባልነው ቬንትሌተር

ትናንት ከምሳ በኋላ አባቴ ከአራት ጎረቤቶቻችን ጋር የዕቃ ቤቱን በር ሲከፍት፣ እኔ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ ብስክሌት ላይ ሆኜ በሙሉ ኃይሌ እየነዳሁ ነበር።

ልወርድ አልቻልኩም... ለምን እንዳልቻልኩ መጀመሪያ ልንገራችሁ።

አጎቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል። አብሮት ይሠራ የነበረ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ ሩሎ የሚባል ነገር ትቶለት ሄደ። ሦስት የሚሽከረከሩ የብረት ቱቦዎች በአንድ ማዕቀፍ ላይ ተጋድመው ማለት ነው። ብስክሌቱን እላያቸው ላይ ታቆሙና ትነዳላችሁ፤ ጎማው ይዞራል፣ ቱቦዎቹ ይዞራሉ፣ እናንተ ግን ካላችሁበት ንቅንቅ አትሉም። የሚይዛችሁ ነገር የለም፤ ደግፎ የሚያቆማችሁ ፍጥነቱ ነው። ወደ ታች ካያችሁ ወይም ድንገት ካቆማችሁ መሬት ላይ ናችሁ። እኔ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የጃንሆይ ፎቶግራፍ አልነቅልም።

ተደብቄ የምነዳው ወድጄ አይደለም። ትምህርት ቤታችን በዓመቱ መዝጊያ በዓል የሴቶች የብስክሌት ውድድር አለው። ለእሱ ስለማመድ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ አየኝ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው። ሰውየው በማግስቱ ጣቢያው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅህን ከአንድ ጎረምሳ ጋር ጎን ለጎን ስትነዳ አየኋት አለው። ውሸት ነው። አባቴ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ፈረደ።

«ከዚህ በር ውጪ ብስክሌት ላይ ብትታዪ፣ እሱም ይሸጣል፣ አንቺም ትምህርት ይበቃሻል» አለኝ። ሰፈሩም ሰማ።

ትምህርት ይበቃሻል... አስራ አንደኛ ክፍል ደርሼ፣ አንድ ሰው ስለዋሸ።

አጎቴን ለምኜ ሩሎውን በጋሪ ዕቃ ቤታችን አስመጣሁ። አባቴ ጣቢያ ሲውል፣ ከተማው በሙሉ በሙቀቱ ተሸንፎ ሱቁን ዘግቶ ሲጋደም፣ እኔ እነዳለሁ። እናቴ ታውቃለች፤ ስትጠየቅ ግን አላየሁም ነው የምትለው።

ያላሰብኩት የሩሎውን ድምፅ ነው። ዕቃ ቤታችን ከሐጂ ዑመር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚገናኘው። ሐጂ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከምሳ በኋላ ጎረቤቶቹ እሳቸው ዘንድ ተሰብስበው ጫት ይቅማሉ። ላባቸውን እየጠረጉ እንደተጋደሙ፣ ከግድግዳው ማዶ በየቀኑ «ዥዥዥ...» የሚል ነገር ይሰማሉ። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት፣ እንዲህ የሚል ነገር አንድ ብቻ ነው... ቬንትሌተር። ያውም ትልቅ። ለካስ አባቴ ቬንትሌተር ገዝቶ፣ ጎረቤት እንዳይጠጋው ዕቃ ቤት ደብቋል ተብሎ ሰው ሁሉ ተቀይሞት ሰንብቷል።

ትናንት የጅቡቲው ባቡር መንገድ ላይ ተበላሸ። አባቴ ሥራ ሲያጣ በጊዜ ወጣና በቀጥታ ሐጂ ቤት ገባ። እኔ በምን አውቄ። ኋላ እንደሰማሁት፣ እነሱ ነገሩን እያነሱ ሲነካኩት፣ እሱም የለኝም ብሎ ሲምል፣ ከግድግዳው ማዶ የሩሎው ድምፅ ተነሳ። ሐጂም «ይኸው፣ ነፋሱ መጣ» አሉት።

አባቴ ድሃ ቢሉት ይችላል። ስስታም መባልን ግን አይችልም። ብድግ ብሎ፣ ኑ ገብታችሁ ፈልጉ አላቸው። ተከተሉት... ሁለቱ ትራሳቸውን ይዘው።

በሩ ተከፈተ። ዓይኔን ከጃንሆይ ሳልነቅል በጎን አየኋቸው። ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብስበው ገቡና ከበርሜሉ ኋላ፣ ከጆንያው ሥር፣ ከበሩ ጀርባ ሳይቀር ፈለጉ።

«የታለ ቬንትሌተሩ? እስቲ አሳዩኝ» አለ አባቴ። ደስ ብሎታል፤ ስሙ ተመልሶለታል። ከዚያ ነው እኔን በደንብ ያየኝ። ፊቱ ሲለወጥ፣ ብስክሌቴም አስራ አንደኛ ክፍልም ተያይዘው ከእጄ ሲወጡ ታየኝ።

«ውረጂ።»

«አባባ፣ ድንገት ካቆምኩ እወድቃለሁ። ቀስ ብዬ ግድግዳ ልያዝ።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩና ወደ አባቴ ዞሩ። «ወሪያ፣ ስማኝ ተሰማ፣ ልጅቷ የት እየሄደች ነው?»

«የትም» አለ አባቴ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ታዲያ ምን አጠፋች? ከበር አልወጣችም። ያጠፋነው እኛ ነን አቦ። ወላሂ፣ በነፋስ የሚሰስት ሰው ብዬ በልቤ ስረግምህ ነው የከረምኩት። አውፍ በለኝ።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ አውፍ በለን እያሉት ወጡ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ወረድኩ። አንገቴን ግን አልደፋሁም። አባቴ የምለምነው ከመሰለው ተሳስቷል።

እሱ የብስክሌቱን ኮርቻ ያዘ። «አራት ሰው ወላሂ እያለ የሌለኝን ቬንትሌተር አለህ ሲለኝ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያን ቀን መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ከማን ጋር ነበርሽ?»

ይህን ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።

«ብቻዬን። አጠገቤ ያለፈ ቢኖር አንድ ግመል ነው» አልኩት።

ላለመሳቅ ታገለ... አልቻለም። እኔ ግን ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ሲገላገልም እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር።

ያ የዋሸብኝ ሰውዬ ነገ ጣቢያው ውስጥ፣ በዚያው ሁሉ ሰው ፊት፣ መልሱን ይሰማል ብሎኛል አባቴ። እኔም ቆሜ ልስማ አልኩት። እምቢ አላለም።

ዛሬ ጠዋት አባቴ እያየ ብስክሌቴን በዋናው በር አውጥቼ መልካ ጀብዱ ደርሼ መጣሁ... ሐጂ ፈልገው ያጡት ነፋስ በሙሉ ለካስ እዚያ ነው ያለው።